ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነርሲንግ፦ ፕሮግራሞቹን በምን እንለያቸው?

ባሶና፦

ጤና ይስጥልኝ። በ2011 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄአለሁ። የቤተሰብ ቪዛ ጉዳዬ ወደ ማለቁ ስለሆነ ወደ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው፤ እዚያ ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ሌላ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ፣ ኤቢኤስኤን የሚሉት የተፋጠነ ዲግሪ እንዳለ አውቄ ሦስት አማራጭ ለይቻለሁ። አንደኛው የግል ነው፤ 12 ወር፣ ክፍያው 62,000 ዶላር፣ «የኤንክሌክስ ማለፊያችን 95 በመቶ» ይላል (ኤንክሌክስ የነርስ የሥራ ፈቃድ ፈተናው ነው)። ሁለተኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 16 ወር፣ ማለፊያው 89 በመቶ። ሦስተኛው ኤቢኤስኤን ሳይሆን የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት ነርሲንግ ነው።

ልቤ ወደ አንደኛው ያደላል። ግን ከማጠሩና ከ95ቱ በቀር ማወዳደሪያ የለኝም። ምን ምን ታይቶ ነው የሚወሰነው? ከመሄዴ በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ምን ልጨርስ? ዘመዶቼ ደግሞ «እዚሁ ነርሲንግ ተምረሽ ሂጂ» ይሉኛል፤ ያዋጣል?


ጣርማበር፦

እህቴ፣ መጀመሪያ 95ቱን እንፈትሸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው።

የማለፊያ መቶኛ የሚሰላው ለፈተና ከተቀመጡት እንጂ ትምህርቱን ከጀመሩት አይደለም። 60 ሰው ገብቶ፣ 20ው በመካከል ወድቆ ወይም አቋርጦ፣ 40 ተመርቆ፣ ከ40ው 38ቱ ቢያልፉ ትምህርት ቤቱ «95 በመቶ» ብሎ ይለጥፋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ከ60ው ግን ነርስ የሆኑት 63 በመቶ ናቸው። የመንግሥቱ 60 አስገብቶ 56 አስመርቆ 50 ቢያሳልፍ ማለፊያው 89 ነው፤ ከገቡት ሲታይ ግን 83 በመቶ። እንዲህ ከሆነ ያነሰ የመሰለሽ ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለሁለቱም በጽሑፍ ጠይቂ፦ ባለፉት ሦስት ዙሮች ስንት ገቡ፣ ስንቱ በተባለው ወር ጨረሱ፣ ስንቱ በመጀመሪያ ሙከራ አለፉ። በመቶኛ ሳይሆን በሰው ቁጥር ይንገሩሽ። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያንገራግር ካለ በእኔ አስተያየት ከዝርዝሩ ይውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሲኤንኢ የሚባለው የነርሲንግ እውቅና ሰጪ ከፕሮግራሞች ቢያንስ 70 በመቶ የማጠናቀቅ ምጣኔ ይጠብቃል። ነገር ግን በቤተሰብ ጉዳይ፣ በገንዘብ ችግር ወይም በቦታ ለውጥ የወጡትን ከስሌቱ እንዲያወጡ ይፈቅዳል። የሚነግሩሽ የማጠናቀቂያ ቁጥር እነዚህ ከመውጣታቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህንን ለይተሽ ጠይቂ። ደግሞም አንዳንድ ትምህርት ቤት መደበኛውንና የተፋጠነውን ፕሮግራም ደርቦ አንድ የማለፊያ ቁጥር ነው የሚያወጣው፤ የምትገቢበትን ክፍል ብቻ ለይተው ይስጡሽ።

እውቅናው ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ ከሌለ ለፈተና አትቀመጪም፤ ይህ የግድ ነው። ከዚያ በላይ የሲሲኤንኢ፣ የኤሲኢኤን ወይም የኤንኤልኤን ሲኤንኢኤ እውቅና አለ። ይህ ከሌለ ፈቃድ ብታገኚም በኋላ ለማስተርስ ስታመለክቺና አንዳንድ ሆስፒታል ስትቀጠሪ በሩ ይጠባል። ሁለቱንም ከትምህርት ቤቱ ብሮሹር ላይ ሳይሆን ከቦርዱና ከእውቅና ሰጪው ድረ ገጽ ላይ እዪ። የቨርጂኒያ ቦርድ የመጀመሪያ ሙከራ ማለፊያ ከ80 በመቶ እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ የየትምህርት ቤቱንም ውጤት በየዓመቱ ስለሚያወጣ የአንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን የአራት የአምስት ዓመቱን ጎን ለጎን አስቀምጪው። 95፣ 78፣ 96 እያለ የሚዘል ፕሮግራም ከ89፣ 88፣ 90 ይልቅ ያሰጋኛል። መምህራኑ እየተለዋወጡ ወይም ደካማ ተማሪ ከፈተና እየታገደ ሊሆን ይችላል።

እገዳው እንዲህ ነው። የመጨረሻው ኮርስ ላይ ኤቲአይ ወይም ሄሲ የሚባል የመውጫ ፈተና አለ። ውጤቱ ከተወሰነ ነጥብ ካነሰ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሌላው ሁሉ አልፎም እንኳ ምረቃውን ይይዛል፤ በዚህ መንገድ ወደ ኤንክሌክስ የሚሄደው የሚያልፈው ብቻ ይሆናል። የተማሪ መመሪያውን ከመመዝገብሽ በፊት አስልኪና ይህን አንቀጽ ፈልጊ፦ ፈተናው ከውጤት ስንት በመቶ ይይዛል፣ ስንት ጊዜ መድገም ይቻላል፣ የወደቀ ሰው ምን ይሆናል።

እዚያው መመሪያ ላይ የማለፊያ ነጥቡን እዪ። ብዙ ቦታ ከ75 እስከ 80 ነው፤ አይጠጋጋም። መስፈርቱ 78 ከሆነ 77.9 ወደቀ ማለት ነው። የቤት ሥራና ፕሮጀክት የሚደመረው የፈተናው አማካይ ከዚያ ነጥብ ካለፈ በኋላ ብቻ የሆነበትም ቦታ ብዙ ነው። አንድ ኮርስ ብትወድቂ መቼ ነው የምትደግሚው? በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ተማሪ የሚቀበል ፕሮግራም ከሆነ አንድ ኮርስ 12 ወር ያስጠብቅሻል፤ በዓመት ሦስት ጊዜ የሚቀበል ከሆነ 4 ወር። 12 ወር የተባለው 24 የሚሆነው በዚህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

የጊዜው ቆጠራም ከመግቢያው ቀን አይጀምርም። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለት ከነላቦራቶሪያቸው፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሥነ ምግብ፣ የሰው ልጅ እድገት ሥነ ልቦና ቀድመው ማለቅ አለባቸው። አናቶሚ ሁለት ያለ አንድ ስለማይወሰድ ቢያንስ ሁለት ሴሚስተር ይፈጃል። ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ቀድሞ ይዘጋል። ከምረቃ በኋላ ደግሞ ትራንስክሪፕት ለቦርዱ ሄዶ የፈተና ፈቃድ እስኪመጣ ሳምንታት አሉ። ሁሉም ሲደመር የ12 ወሩ ፕሮግራም ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። በ12 እና በ16 መካከል ያለው 4 ወር በዚህ ሁሉ ውስጥ ትንሽ ልዩነት ነው።

የሆስፒታል ልምምዱን አትርሺ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ 500 ሰዓት ከታካሚ ጋር በቀጥታ መሥራት ግዴታ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በሲሙሌሽን (ያለ እውነተኛ ታካሚ በሚደረግ የማስመሰያ ልምምድ) መተካት የሚቻለው 125 ሰዓት ብቻ ነው። ለአንድ መምህር ከ10 ተማሪ አይበልጥም። የሚጠየቀው፦ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር የተፈረመ ውል አላችሁ? ለሕፃናትና ለወሊድ ክፍል ቦታ አለ ወይ? የሚጠበው እሱ ነው። ፈረቃው ሌሊት ነው ወይስ ቀን? ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚጀምር ፈረቃ መኪና ለሌለው ሰው አይሆንም።


የመንዝ ሰው፦

ጣርማበር ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ከዚያ በፊት የሚታለፍ በር አለ፤ እኔ የምፈራልሽም እሱን ነው።

በ2011 የተመረቅሽው የሦስት ዓመቱን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ፍሬሽማን ተመልሶ አራት ዓመት የሆነው በ2012 ከገቡት ጀምሮ ነው። ኤቢኤስኤን የሚጠይቀው ከአሜሪካ ባችለር ዲግሪ ጋር እኩል የሆነ ዲግሪ ነው። የሦስት ዓመት ዲግሪን የውጭ ሰነድ ገምጋሚ ድርጅቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አያዩትም፤ አንዱ ሙሉ ባችለር ሲለው ሌላው «የሦስት ዓመት ጥናት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱን ፕሮግራሞች የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበሉ ጠይቂ። ደብሊው ኢ ኤስ ወይም ኢሲኢ ይሉሻል፤ ወይም የናሴስ (የገምጋሚ ድርጅቶች ማኅበር) አባል የሆነ ሁሉ ይበቃናል ይላሉ። ከዚያ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ግምገማ አሠሪ፤ ጠቅላላውን ብቻ የሚያወጣው ርካሽ ቢሆንም ለነርሲንግ አይጠቅምም። ውጤቱ ሳይመጣ ለአናቶሚም ለማመልከቻም ገንዘብ አታውጪ። «የሦስት ዓመት» ተብሎ ቢመጣ ኤቢኤስኤኑ ይዘጋል፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ግን ቀድሞ ዲግሪ ስለማይጠይቅ እንደተከፈተ ይቆያል።

ደብረ ብርሃን ላይ የሚያልቁት፦

ኮስት ሼሪንግሽን ጨርሺ። እሱ ካልተከፈለ ዋናው ዲግሪ አይወጣም፤ በቴምፖ ብቻ ደግሞ ግምገማው አይሄድም። ከፍለሽ የክሊራንስ ደብዳቤውን ለሬጅስትራር ስታስገቢ ኮፒውን በእጅሽ አስቀሪ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ነው የሚሄደው፤ ስቱደንት ኮፒ ስካን አድርጎ መላክ አይሠራም። የገምጋሚውን የማመሳከሪያ ቁጥር ቀድመሽ አውጥተሽ ከጥያቄው ጋር ስጪያቸው። ቁጥር የሌለው ፖስታ ደርሶም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የስምሽ አጻጻፍ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት ላይ በላቲን ፊደል አንድ መሆኑን በየፊደሉ አመሳክሪ። «ጸ»፣ «ቀ» እና የሚጠብቅ ፊደል ያለበት ስም በየቦታው ተለያይቶ ይጻፋል። ትራንስክሪፕቱ የአባት ስም ብቻ፣ ፓስፖርቱ የአያት ስም ጨምሮ ከሆነም ከሬጅስትራር የማስተካከያ ደብዳቤ ያስፈልጋል። እዚህ የሁለት ቀን ጉዳይ ነው፤ እዚያ ሆነሽ በወኪል ሲሆን ወራት ይፈጃል። የምረቃው ዘመንም ይታይ። አንዱ ላይ 2011፣ ሌላው ላይ 2019 ብቻ ተጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ ሁለት የተለያየ ምረቃ ይመስላል።

ከኬሚስትሪ ዲፓርትመንት የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ በእንግሊዝኛ አሠርተሽ፣ የሌክቸሩና የላቦራቶሪው ሰዓት ለየብቻ ተለይቶ፣ በማኅተም ያዢ። ላብ እንዳለው የማይታይ ኬሚስትሪ አይቆጠርልሽም። እዚህ ላይ ግን ሌላ እንቅፋት አለ፤ ብዙ ፕሮግራሞች የሳይንስ ኮርስ ከ5 ወይም ከ7 ዓመት ካለፈው አይቀበሉም። ዲግሪው ጊዜ አያልፍበትም፤ ኬሚስትሪው ግን ሊያልፍበት ይችላል። ይህንንም ከጥያቄዎችሽ ጨምሪው።

ክትባት። ሰው ሁሉ ለመጨረሻ የሚተወው ይህ ነው፤ ከልምምድ የሚያስቀረውም ይህ ነው። ሄፓታይተስ ቢ በተለመደው ሦስት ዶዝ ከተወሰደ በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ነው፤ ለመጨረስ ግማሽ ዓመት ይፈልጋል። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ሁለት ዶዝ፣ የጉድፍ ክትባት ሁለት ዶዝ። ጉድፍ በልጅነት ይዞሽ ከነበረ የደም ምርመራ አሠርተሽ በወረቀት ማሳየት ትችያለሽ። የቲቢ ምርመራ ላይ ተጠንቀቂ። ሕፃን ሆነሽ ቢሲጂ ከተከተብሽ የቆዳ ምርመራው ቲቢ ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ኢግራ የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቂ። ለቪዛው ምርመራ ስታደርጊ የተሞላውን የክትባት ቅጽ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ኮፒ አስደርጊ።


ወደራ፦

ለሦስተኛው አማራጭ ጠበቃ ስላልቆመለት እኔ ልቁምለት። የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ተመራቂም የዩኒቨርሲቲው ተመራቂም የሚፈተኑት አንድ ኤንክሌክስ አርኤን ነው፤ የሚያገኙት ፈቃድም አንድ ነው። ልዩነቱ ዲግሪው ላይ ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች ባችለር ያለውን ያስቀድማሉ፤ ኒውዮርክ ደግሞ በ2017 ባወጣችው ሕግ አዲስ ነርስ በ10 ዓመት ውስጥ ባችለር እንዲይዝ ታዛለች። ግን እየሠሩ፣ ብዙውን ጊዜ በኦንላይን፣ በአንድ ዓመት አካባቢ ባችለሩን መጨረስ ይቻላል፤ ከወጪውም የተወሰነውን የሚሸፍኑ አሠሪዎች አሉ።

አሁን ገንዘቡን እንየው። እዚያ ስትገቢ ግሪን ካርድ ስለሚኖርሽ የፌዴራል ብድር ትጠይቂያለሽ። ነገር ግን ፔል የሚባለው የማይመለስ ድጎማ ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም፤ ባችለሩ ኢትዮጵያ የተገኘ ቢሆንም። ለሁለተኛ ባችለር የሚገኘው የፌዴራል ብድር በትምህርት ዘመን ከ12,500 ዶላር አይበልጥም፤ የጠቅላላው ጣሪያ ደግሞ 57,500 ነው። የ62,000ው ፕሮግራም በአንድ ዓመት ስለሚያልቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ልትበደሪ የምትችይው አንድ ዓመት፣ አቆጣጠሩ ከገጠመ የሁለት ዓመት ድርሻ ነው፤ ማለትም ቢበዛ 25,000። የቀረው 37,000 ከግል አበዳሪ ነው የሚመጣው። የግል አበዳሪ የክሬዲት ታሪክ ያለው ዋስ ይፈልጋል፤ አዲስ የገባ ሰው ደግሞ ታሪክ የለውም። ዋስ የሚሆንሽን ዘመድ ኮርስ ብትወድቂና ዓመት ብትጠብቂ ምን እንደሚከተለው ሳትነግሪው አታስፈርሚው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የነዋሪ ክፍያ የሚሰጠው ደግሞ ቨርጂኒያ 12 ወር ለኖረ ሰው ነው። በደረስሽ በሳምንቱ ከተመዘገብሽ ከፍተኛውን ትከፍያለሽ። የመታወቂያውን፣ የኪራዩንና የግብሩን ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ በስምሽ አድርጊ፤ 12 ወሩ የሚቆጠረው በእነሱ ነው። እስከዚያ ሠርተሽ ቆጥበሽ፣ ቅድመ ኮርሶቹን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወስደሽ ትጠብቂያለሽ። ያው ኮርስ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙ እጥፍ ነው፤ ለኤቢኤስኤን ግን እኩል ይቆጠራል። ከመመዝገብሽ በፊት የተቀባዩን ፕሮግራም «ይህን የኮርስ ቁጥር እንቀበላለን» የሚል ኢሜይል ያዢ።

«እዚሁ ተምረሽ ሂጂ» ላሉሽ፦ እዚህ የነርሲንግ ባችለር አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ የመውጫ ፈተና፣ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና። አሜሪካ ሲገባ እንደገና የውጭ ነርስ ሰነድ ግምገማ አለ። አንዳንድ ቦርድ ቲዎሪውና ልምምዱ በአንድ ጊዜ ካልተወሰዱ ኮርሱን ድገሚ ይላል። የስደት ቪዛም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በላይ አያቆይም። ቪዛ ለሌለው ሰው የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ጥሩ መንገድ ነው፤ ላንቺ ግን አይሆንም።


ባሶና፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ኮስት ሼሪንጉን ነገ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ ፕሮግራም «ቲዎሪው ሙሉ በሙሉ በኦንላይን» ይላል፤ ይታመናል? ደግሞስ እየተማሩ መሥራት ይቻላል?


ጣርማበር፦

ቲዎሪው በኦንላይን መሆኑ ብቻውን ችግር የለውም፤ ልምምዱ ግን በአካል ካልሆነ ፈቃድ የለም። ትምህርት ቤቱ በሌላ ግዛት ካለ ቨርጂኒያ ውስጥ ልምምድ ለማስኬድ ፈቃድ እንዳለው ከቦርዱ ጠይቂ፤ የልምምድ ቦታ ፈልጊ ብለው በአንቺ ላይ የሚጥሉ ከሆነም ተዪው። ልምምድ ሳይኖር ወረቀት እንሰጣለን የሚል ካጋጠመሽ ደግሞ ሽሺ። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት ፍሎሪዳ ውስጥ ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ ሲሸጥ እንደነበር ይፋ አድርጓል፤ ከገዙት ሰዎች ፈቃዳቸው የተሰረዘባቸውም አሉ።

ሥራን በተመለከተ፣ በኤቢኤስኤን ሳምንት ውስጥ ክፍል፣ የ12 ሰዓት ልምምድና ጥናት አለ። በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሰው በተለይ የሚቸገረው የመድኃኒት ትምህርትና የውስጥ ደዌው አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ለቤተሰብ የምትልኪውን ከመጀመርሽ በፊት አጠራቅሚ። ቅድመ ኮርሶቹን ስትወስጂ ግን የነርስ ረዳትነት ጥሩ ነው፤ ሥልጠናው በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ የታካሚ እንክብካቤንም ቀድመሽ ታውቂበታለሽ።

የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና አለ፤ ማለፊያው ከ90 እስከ 100 በመቶ ነው፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ብዙ ቦታ ይሰናበታል። ለኬሚስት ከባድ አይደለም፤ ሰው የሚጥለው ፓውንድ ወደ ኪሎ መቀየሩና ማጠጋጋቱ ነው። ምሳሌ፦ ታካሚው 154 ፓውንድ፣ ሄፓሪን 18 ዩኒት በኪሎ በሰዓት፣ ከረጢቱ 25,000 ዩኒት በ250 ሚሊ ሊትር። 154ን ለ2.2 ስታካፍይ 70 ኪሎ፤ 70 በ18 ሲባዛ 1,260 ዩኒት በሰዓት፤ አንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስለያዘ ፓምፑ 12.6 ላይ ይሞላል። 13 ብሎ ማጠጋጋት ስህተት ነው። ከአሁኑ በቀን አምስት አምስት ሥሪ።


የመንዝ ሰው፦

ስለ ስሙ አንድ ያልጨረስሁት አለ። ለኤንክሌክስ ስትመዘገቢ ክፍያው 200 ዶላር ነው። የፈተና ፈቃዱ ላይ ያለው ስም መፈተኛው በር ላይ ከምታሳይው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ አያስገቡሽም፤ ገንዘቡም አይመለስም። ቪዛው ላይ የአያትሽ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ከወጣ፣ የኮሌጁም፣ የመንጃ ፈቃዱም፣ የቦርዱም ምዝገባ በዚያው ቅደም ተከተል ይሁን። የዩኒቨርሲቲውን የማስተካከያ ደብዳቤ በዚያ መልክ አጽፊው።